የአሮጌ የጡብ መሸታ ቤት ፎቶግራፍ እንዴት ይመረመራል? ከወረቀቱ እስከ ጡቡ የሚያደርስ ዝርዝር መመሪያ

ከማሳቹሴትስ እስከ ቨርጂንያ በሚዘልቀው የአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩ በርካታ የጡብ መሸታ ቤቶች እስከ ዛሬ ቆመዋል። በአገሩ ቋንቋ ታቨርን የሚባሉት እነዚህ ቤቶች ከመጠጥ መሸጫነታቸው ሌላ የመንገደኛ ማደሪያ፣ የፈረስ ማሳረፊያ፣ የጋዜጣ ማንበቢያና የስብሰባ አዳራሽ ነበሩ። የእንዲህ ያለ ቤት አሮጌ ፎቶግራፍ ከዘመድ ሣጥን፣ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ወይም ከቤተ መዛግብት ሲገኝ፣ ረጋ ብሎ ለሚያነበው ሰው ብዙ የሚነግረው ነገር አለ።

መመሪያው የተዘጋጀው ፎቶው መቼ እንደተነሣ፣ ቤቱ መቼ እንደተሠራና ከዚያ ወዲህ ምን እንደተለወጠበት፣ እንዲሁም ፎቶው ሳይበላሽ እንዴት እንደሚቆይ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ነው። ከሁሉ የበዛው ስሕተት የፎቶውን ዕድሜና የቤቱን ዕድሜ አንድ አድርጎ ማየት ነው። በ1790ዎቹ የተሠራ ቤት በ1905 ፎቶ ሊነሣ ይችላል፤ በሩ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ደግሞ ከሁለቱም ጋር የማይገጥም ዓመት ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጥያቄ የየራሱን ማስረጃ እንፈልጋለን፤ ለፎቶው ዕድሜ ወረቀቱንና በመንገዱ ላይ የሚታየውን፣ ለቤቱ ዕድሜ ደግሞ ጡቡን እንጠይቃለን። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ለሥራው አሥር እጥፍ የሚያጎላ አጉሊ መነጽር፣ ማስመሪያ፣ ለስላሳ እርሳስ፣ ንጹሕ የላስቲክ ጓንት፣ ሰፊ ነጭ ወረቀትና ስካነር ያስፈልጋሉ።

አንደኛ፦ ፎቶውን ሳይነኩ ማየት

ፎቶውን ንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ ያኑሩና በመስኮት ብርሃን፣ ፀሐይ በቀጥታ ሳያርፍበት፣ ከፊትም ከኋላም ይመልከቱት። በዚህ ደረጃ ማጽዳት፣ ማቃናት፣ የተጣበቀ ካርቶን ማላቀቅ ወይም የተቀደደውን በፕላስተር መለጠፍ አይገባም። አቧራ ካለበት በጣም ለስላሳ በሆነ ደረቅ ብሩሽ ከመሐል ወደ ዳር ቀስ ብሎ መጥረግ ይበቃል፤ ውኃም ሆነ የመስተዋት ማጽጃ ፈጽሞ አይነካውም። ፎቶው የሚያጣብቅ ገጽ ባለው አልበም ውስጥ ካለ ከነገጹ ይተዉት፤ ገጹን እንዳለ ስካን ማድረግ ይቻላል። ይህን በጥብቅ የምናገረው እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ከእንዲህ ያለ ገጽ ላይ ፎቶ ሳላቅቅ ጥጉ ተቀዶ ስለቀረ ነው። በዚያ ጥግ ላይ የነበረው የቤቱ ሰሌዳ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የቤቱን ስም ያወቅሁት በሌላ መንገድ፣ ከብዙ ወራት ፍለጋ በኋላ ነው።

ከኋላ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ፣ ትርጉም የሌለው የሚመስለውን ቁጥር ጨምሮ፣ በማስታወሻ ደብተር ይገልብጡ። የጽሕፈቱን ዓይነትም ይጻፉ። በኳስ እስክሪብቶ የተጻፈ ስም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ በፊት የተጻፈ ሊሆን አይችልም ለማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም ኳስ እስክሪብቶ በአሜሪካ ለሕዝብ መሸጥ የጀመረው በ1945 ነው። ስለዚህ የ1880ዎቹ ፎቶ ላይ በኳስ እስክሪብቶ የተጻፈ የቤት ስም የኋላ ሰው ግምት ነው፤ ዋጋ ቢኖረውም ምስክርነቱ የዓይን ምስክር አይደለም።

ሁለተኛ፦ ቅጂ ማስቀረት

ዋናውን ደጋግሞ መንካት ስለሚጎዳው፣ ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ በአብዛኛው በቅጂው ላይ ይሠራል። ፎቶው የፖስታ ካርድ ያህል ወይም ከዚያ የሚበልጥ ከሆነ በ600 ነጥብ በኢንች፣ ከዚያ ያነሰ ከሆነ በ1200 ነጥብ ስካን ያድርጉት። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ቢመስልም በቀለም ስካን ይደረግ፤ ቢጫነቱና ቡናማነቱ ራሱ ስለ ወረቀቱ ዓይነት የሚናገር ማስረጃ ነው። ፋይሉ ቲፍ በሚባለው ቅርጽ ይቀመጥ፤ ጄፔግ የሚባለው ለመላላክ ብቻ ይሁን። ጀርባውንም ስካን ያድርጉ። በስካነሩ ፕሮግራም ውስጥ ያሉት «አሻሽል»፣ «አጥራ» የሚሉ ምርጫዎች ሁሉ ይጥፉ።

ዛሬ ደብዛዛ ፎቶን አጥርተው የሚያሳዩና ቀለም የሚቀቡ ፕሮግራሞች በዝተዋል። ለመሸታ ቤት ፎቶ ግን አደገኛ ናቸው፤ ደብዛዛውን ግድግዳ ሲያጠሩ በዚያ ቦታ ያልነበረ ጡብ ይሥላሉ፤ የረድፉን አደራረብም ከራሳቸው ይፈጥራሉ። ለጌጥ የሚሆን ቅጂ መሥራት ከፈለጉ ለብቻው ይሥሩ፤ ምርመራው ግን ባልተነካው ቅጂ ላይ ይሁን።

ሦስተኛ፦ ወረቀቱ ስለ ዘመኑ የሚናገረው

አጉሊ መነጽሩን ያንሡና ምስሉን በቅርብ ይዩት። በሥርዓት የተደረደሩ ትንንሽ ነጥቦች ከታዩ የያዙት በማተሚያ ቤት የታተመ ሥዕል እንጂ ፎቶግራፍ አይደለም፤ አሮጌ የፖስታ ካርዶች በብዛት እንዲህ ናቸው። ነጥብ ከሌለ ወደ ዓይነቱ ይለፉ።

ምስሉ እንደ መስተዋት በሚያበራ ብር በተለበጠ መዳብ ላይ ከሆነ ዳጌሮታይፕ ነው፤ ይህ ዘዴ በ1839 ለዓለም ተገልጦ በ1840ዎቹና በ1850ዎቹ በሰፊው የተሠራበት ነው። በመስተዋት ላይ ከሆነ አምብሮታይፕ፣ ማግኔት በሚስበው ቀጭን ቆርቆሮ ላይ ከሆነ ደግሞ ከ1856 ጀምሮ የመጣው ቲንታይፕ ነው። ዳጌሮታይፕና ቲንታይፕ አብዛኛውን ጊዜ ግራና ቀኝን ያገለባብጣሉ፤ የመሸታ ቤቱ ሰሌዳ በተገላቢጦሽ የሚነበብ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። ይህን ሳያስተውሉ ቤቱን ፍለጋ የወጡ ሰዎች በሩን በግራ ሲፈልጉ በቀኝ ያገኙታል።

አብዛኛው ሰው እጅ ላይ ያለው ግን የወረቀት ፎቶ ነው። ከ1850ዎቹ አጋማሽ እስከ 1890ዎቹ አጋማሽ ገኖ የነበረው በእንቁላል ነጭ ውኃ የሚሠራው የአልቡሚን ወረቀት ነው። በጣም ቀጭን ስለሆነ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል በካርቶን ላይ ተለጥፎ ይገኛል፤ ቀለሙ ወደ ቡናማና ሐምራዊ ያደላል፣ ነጩ ቦታ ቢጫ ይሆናል፣ በአጉሊ መነጽር ሲታይ የወረቀቱ ጭረት ከምስሉ ሥር ይታያል። ከ1880ዎቹ ጀምሮ ቦታውን እየወሰደ የመጣው የጄላቲን ወረቀት በምስሉና በወረቀቱ መካከል ነጭ ሽፋን ስላለው ጭረቱ አይታይም፤ ጥቁሩም ጥርት ያለ ነው። ፎቶውን ዘንበል ሲያደርጉት በጨለማው ዳር ላይ ሰማያዊ የብረት ብልጭታ ከታየ ይህ ብሩ ወደ ላይ የወጣበት የጄላቲን ፎቶ ነው።

የካርቶኑም መጠን ይረዳል። 10.8 በ16.5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ከሆነ ከ1860ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተለመደው ካቢኔት ካርድ ነው። ሁለት ተመሳሳይ ምስሎች ጎን ለጎን ከተለጠፉበት በመሣሪያ ሲታይ ጥልቀት የሚሰጥ የስቴሪዮ ካርድ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ያንኑ ጡብ ስለሚያሳይ ለእኛ ሥራ ትልቅ ሀብት ነው። ከጀርባ የቀረጥ ቴምብር ከተለጠፈበት ፎቶው የተሸጠው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ምክንያት ቀረጥ በተጣለበት ከመስከረም 1864 እስከ ነሐሴ 1866 ባለው ጊዜ ነው። ክብ ምስል፣ ስፋቱ 6.4 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ በ1888 የወጣው የመጀመሪያው የኮዳክ ካሜራ ሥራ ሊሆን ይችላል። የፖስታ ካርድ ከሆነ ጀርባው በመስመር ለሁለት መከፈሉን ይመልከቱ፤ በአሜሪካ መልእክትና አድራሻ በአንድ ገጽ መጻፍ የተፈቀደው ከመጋቢት 1 ቀን 1907 ጀምሮ ነው።

አራተኛ፦ በመንገዱ ላይ ያለው ነገር

ከዚህ በኋላ ሁለት ዓመት ለማግኘት ይሥሩ፤ ፎቶው «ከዚህ በፊት ሊሆን አይችልም» የሚባልበትና «ከዚህ በኋላ ሊሆን አይችልም» የሚባልበት። አንድ ዓመት ላይ ለመድረስ መጣደፍ አይገባም፤ የአሥራ አምስት ዓመት ርቀት ያለው እውነተኛ መልስ ከተሳሳተ አንድ ዓመት ይሻላል።

የኤሌክትሪክ ትራም ሽቦ ከታየ ፎቶው በሪችመንድ፣ ቨርጂንያ ትልቁ የትራም መስመር ከተከፈተበት ከ1888 በኋላ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በሰገነቱ ላይ ባንዲራ ካለ ኮከቦቹን ይቁጠሩ፤ 45 ኮከብ ከ1896 እስከ 1908፣ 46 ኮከብ ከ1908 እስከ 1912፣ 48 ኮከብ ከ1912 እስከ 1959 የነበረው ባንዲራ ነው። ይሁን እንጂ ባለ መሸታ ቤቱ አሮጌውን ባንዲራ ለዓመታት ሊያውለበልብ ስለሚችል የኮከቡ ቁጥር የሚሰጠው የመጀመሪያውን ዓመት እንጂ የመጨረሻውን አይደለም። መኪና ካለ ሰሌዳ ቁጥሩን ይመልከቱ፤ ብዙ ግዛቶች በኋለኞቹ ዓመታት ዓመቱን በሰሌዳው ላይ ያትሙ ነበር። ሰዎቹ ወይም የፈረሱ ራስ ጭጋግ መስለው ከታዩ ካሜራው ለረጅም ጊዜ ተከፍቶ እንደነበር ያሳያል።

የመጠጥ ማስታወቂያ መኖር አለመኖሩም ይናገራል። በመላ አሜሪካ አልኮል መሸጥ የተከለከለው ከጥር 17 ቀን 1920 እስከ ታኅሣሥ 5 ቀን 1933 ነበር። የቢራ ስም በጉልህ የተጻፈበት ግድግዳ በዚህ ዘመን መካከል የመነሣቱ ነገር ያጠራጥራል፤ ምንም እንኳ የደበዘዘ አሮጌ ጽሑፍ ከጡቡ ላይ ሳይጠፋ ለብዙ ዓመታት ሊቆይ ቢችልም። የጽሑፉ ቀለም ትኩስ ነው ወይስ የተላላጠ? የሚለውን በአጉሊ መነጽር መለየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አምስተኛ፦ ጡቡን ማንበብ

የዚህ ሥራ ልብ እዚህ ነው፤ ጊዜ ይስጡት። አስቀድሞ ግን ስለ ቀለም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የ19ኛው ክፍለ ዘመን የፎቶ ኬሚካል ለሰማያዊ ብርሃን እንጂ ለቀይ ብርሃን የነቃ አልነበረም። በዚህ ምክንያት ቀይ ጡብ ጥቁር ሊባል እስኪደርስ ጠቁሮ ይወጣል፤ ሰማዩ ደግሞ ደመና እንኳ ሳይታይበት ነጭ ይሆናል። ቀይን ጭምር የሚያይ የመስተዋት ኔጌቲቭ ለገበያ የቀረበው በ1906 ነው፤ ከዚያም በኋላ ለመስፋፋት ጊዜ ፈጅቷል። ስለዚህ «ቤቱ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ነበር» ብሎ ከመጻፍ በፊት የፎቶውን ዘመን ማስታወስ ያሻል። በአንጻሩ ከአንድ የወለል መስመር በታች ያለው ጡብ ነጣ ብሎ ከላይ ያለው ከጠቆረ፣ ያ በኖራ የተቀባ ወይም በረንዳ ይሸፍነው የነበረ ቦታ ሊሆን ይችላል።

አሁን የአደራረቡን ሥርዓት ይዩ። እያንዳንዱ ጡብ ሁለት ፊት አለው፤ ረጅሙ ጎን፣ ጠባቡ ደግሞ ራስ እንበለው። በአንድ ረድፍ ውስጥ ጎንና ራስ እየተፈራረቁ ከሄዱ የፍሌሚሽ አደራረብ ይባላል። አንድ ሙሉ ረድፍ ራስ፣ ቀጣዩ ሙሉ ረድፍ ጎን ከሆነ የእንግሊዝ አደራረብ ነው። ብዙ ረድፍ ጎን ብቻ ከሆነና ከአምስት ወይም ከስድስት ረድፍ በኋላ አንድ የራስ ረድፍ ከገባ አሜሪካዊ ወይም ተራ አደራረብ ይሉታል። ከላይ እስከ ታች ራስ ፈጽሞ ካልታየ፣ ጡቡም አንድ ወጥ ሆኖ ማያያዣው እንደ ክር ከቀጠነ፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የማሽን ጡብ የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው።

የፍሌሚሽ አደራረብ ብዙ ጥንቃቄና ብዙ ሙያ ስለሚጠይቅ በ18ኛው ክፍለ ዘመንና በ19ኛው መጀመሪያ ግንበኞች በመንገዱ በኩል ባለው ፊት ላይ ይሠሩትና የጎኑንና የጓሮውን ግድግዳ በተራው አደራረብ ይጨርሱት ነበር። ፎቶው ከማዕዘን የተነሣና ሁለቱን ግድግዳዎች የሚያሳይ ከሆነ ይህን ልዩነት በዓይን ማየት ይቻላል። ቤቱ ወደ የትኛው መንገድ ፊቱን አዙሮ እንደተሠራ የሚያሳውቀን ይህ ነው። በኋላ ዘመን ዋናው መንገድ ተዛውሮ በሩ በጎን በኩል ቢከፈት እንኳ የፍሌሚሹ ግድግዳ የመጀመሪያውን ፊት ይመሰክራል።

ከዚያ ቀጥ ያለ ስፌት ይፈልጉ። ጡብ ተጋብቶ ሲሠራ የአንዱ ረድፍ መጋጠሚያ ከላዩና ከታቹ ረድፍ መጋጠሚያ ጋር አይገጥምም። ከመሠረት እስከ ጣሪያ ቀጥ ብሎ የሚወርድ መስመር ከታየ አሮጌው ቤት እዚያ ላይ አብቅቶ በኋላ የተጨመረው እዚያ ጀምሯል ማለት ነው። ሥራው እንዲህ ነው፦ ቅጂውን በኮምፒውተር አጉልተው ከአንዱ መስኮት ጥግ ይነሡና በአንድ ረድፍ ላይ ብቻ ዓይንዎን ወደ ጎን ይውሰዱ። ረድፉ ሳይሰበር የቤቱን ጥግ ከነካ አንድ ሥራ ነው። መሐል ላይ በግማሽ ጡብ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ፣ ያ ቦታ ላይ ቆም ይበሉና ከላይም ከታችም ያሉትን ረድፎች ይመልከቱ፤ ሁሉም እዚያው ላይ የሚሰበሩ ከሆነ ስፌቱን አግኝተውታል።

የተደፈነ መስኮትና በርም በዚሁ መንገድ ይገኛል። በመሐል ግድግዳ ላይ የመስኮት አናት ቅርጽ ያለው የጡብ ቅስት ብቻውን ቀርቶ ከሥሩ ቀለሙ ለየት ያለ ጡብ ከሞላው፣ እዚያ መስኮት ነበረ። የመስኮት አናት ራሱ ዘመን አለው፤ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ጠፍጣፋ የጡብ ቅስት ወደ ጥንቱ ያደላል፤ ወደ ላይ የጎበጠ ያጌጠ የብረት ክዳን ግን የ1860ዎቹና የ1870ዎቹ ፋሽን ነው። የመስተዋቱም ብዛት እንዲሁ፦ በአንዱ ክፋይ ዘጠኝ ወይም አሥራ ሁለት ትንንሽ መስተዋት የ18ኛው ክፍለ ዘመን ልማድ ነው፤ ስድስት በስድስት (ከላይ ስድስት፣ ከታች ስድስት) ቀጥሎ የመጣ፣ ሁለት በሁለትና አንድ በአንድ ደግሞ ሰፊ መስተዋት በርካሽ ከተገኘ በኋላ የመጡ ናቸው። ሆኖም መስኮት ከግድግዳ ይልቅ ቶሎ ይለወጣል፤ ሁለቱ ሲጣሉ እኔ የማምነው ጡቡን ነው።

በግድግዳው ላይ ኮከብ ወይም ኤስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፊደል የመሰለ ብረት ካዩ ጌጥ ብቻ አይምሰልዎ። ግድግዳው ወደ ውጭ እንዳይገፋ ከውስጥ ወለሉ ጋር ያሰረው የብረት ዘንግ ጫፍ ነው። በአንድ ፎቶ ታይቶ በሌላው ካልታየ የሁለቱን ፎቶዎች ቅደም ተከተል ያሳይዎታል።

ስድስተኛ፦ ቦታውንና ስሙን ማግኘት

የመሸታ ቤት ስም በባለቤቱ ይለዋወጣል፤ አንዱ ቤት በአንድ ትውልድ ታቨርን፣ በሚቀጥለው ሆቴል፣ ቀጥሎ ሳሎን (በአሜሪካ የመጠጥ ቤት ስም ነው) ተብሎ ይጠራል። ስለዚህ ስሙን ብቻ ይዞ መፈለግ ያደክማል፤ በሕንፃው መፈለግ ይሻላል። በመጀመሪያ ጥላውን ይዩ፦ በሰሜን አሜሪካ ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ እኩለ ቀን ላይ የበራው ግድግዳ ወደ ደቡብ ያያል። ይህ ብቻ በካርታ ላይ ግማሹን መንገድ ያስወግድልዎታል።

ከዚያ የሳንቦርን ኩባንያ ለእሳት መድን የሠራቸውን ካርታዎች ይክፈቱ። ከ1867 ጀምሮ በሺሕ ለሚቆጠሩ ከተሞች የተሣሉት እነዚህ ካርታዎች የጡብ ቤትን በሮዝ፣ የእንጨትን በቢጫ፣ የድንጋይን በሰማያዊ ቀለም ያሳያሉ፤ የፎቁንም ብዛት ይጽፋሉ። በፎቶው ላይ ያለው የእንጨት ጎጆ በየትኛው ዓመት ካርታ ላይ እንዳለና በየትኛው እንደጠፋ ማየት የፎቶውን ዘመን በእጅጉ ያጠባል። የዚህ ስብስብ ትልቁ ክፍል በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል፤ በኢንተርኔትም በነጻ ይታያል።

በዚያው ቤተ መጻሕፍት ያለው የታሪካዊ ሕንፃዎች ቆጠራ ከዚህም ይበልጥ ይጠቅማል። በ1933 ቻርልስ ፒተርሰን የተባለው አርክቴክት በኢኮኖሚው ቀውስ ሥራ ላጡ አርክቴክቶች ሥራ ለመስጠትና ሊጠፉ የተቃረቡ ሕንፃዎችን ለመመዝገብ ባቀረበው ሐሳብ ተጀመረ። በዚህ ሥራ የተነሡት ትልልቅ ፎቶዎች የጡቡን ማያያዣ ሳይቀር የሚያሳዩ ናቸው፤ ብዙዎቹም ከተለካ ሥዕል ጋር ተያይዘዋል። በስም ካላገኙ በግዛትና በአውራጃ ከፍለው አንድ በአንድ ያስሱ፤ አድካሚ ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ ያስገኛል። ለባለቤቱ ስም ደግሞ በየዓመቱ ይታተሙ የነበሩትን የከተማ ማውጫዎች፣ እንዲሁም በአውራጃው ፍርድ ቤት ያለውን የመሬት ሽያጭ መዝገብና የመሸታ ቤት ፈቃድ መዝገብ ይመልከቱ።

ሰባተኛ፦ ከዛሬው ቤት ጋር ማስተያየት

ቤቱ ዛሬም ካለ ፎቶው ከተነሣበት ቦታ ላይ ቆመው አዲስ ፎቶ ያንሡ። ቦታውን ለማግኘት በአሮጌው ፎቶ ላይ አንዱ ነገር ሌላውን የሚነካበትን ነጥብ ይምረጡ፤ ለምሳሌ የጭስ ማውጫው ጫፍ ከኋላ ያለውን ጣሪያ የሚቆርጥበትን። ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተንቀሳቀሱ ይህ ነጥብ በዓይንዎ ፊት እንደ ፎቶው ሲሆን ያን ጊዜ በፎቶ አንሺው ቦታ ላይ ቆመዋል።

ሁለቱ ሳይመሳሰሉ ሲቀሩ የተሳሳተው ፎቶው እንዳይመስልዎ። በኒው ዮርክ ፐርል ጎዳና ቁጥር 54 ላይ ያለው ፍራውንሲስ ታቨርን ለዚህ የተሻለው ትምህርት ቤት ነው። ቤቱ በ1719 ለነጋዴ መኖሪያነት ተሠራ፤ በ1762 ሳሙኤል ፍራውንሲስ ገዝቶ መሸታ ቤት አደረገው፤ ጆርጅ ዋሽንግተንም ታኅሣሥ 4 ቀን 1783 መኮንኖቹን የተሰናበተው እዚያ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ቤቱ ደጋግሞ በእሳት ተጎድቶ ታደሰ፤ ፎቆችም ተጨመሩበት፤ የምድር ቤቱ ፊት ተቀየረ። ስለዚህ ከ1900 በፊት የተነሡት ፎቶዎች የሚያሳዩት ረጅም፣ ጣሪያው ጠፍጣፋ የሆነ፣ የተራ ንግድ ቤት መልክ ያለው ሕንፃ ነው። ዛሬ ጎብኚው የሚያየው በአራት በኩል የሚንሸራተት ጣሪያ ያለው ቤት በአርክቴክት ዊልያም ሜርሰሮ መሪነት ተሠርቶ በ1907 የተከፈተው ነው። የጥንቱን መልክ የሚያሳይ ሥዕል ስላልነበረ ብዙው በግምት ተሠርቷል፤ አርክቴክቱ የጣሪያውን መስመር ያገኘሁት በአጎራባቹ ሕንፃ ጡብ ላይ ከቀረው አሻራ ነው ብሏል። አንድ ሰው የ1890ዎቹን ፎቶ ይዞ እዚያ ቢቆም «ይህ ሌላ ቤት ነው» ብሎ ሊመለስ ይችላል፤ ነገር ግን እውነተኛውን የዘመኑን ቤት የያዘው እጁ ላይ ያለው ፎቶ ነው።

ስለዚህ እርስዎም በፎቶዎ ላይ ከመሸታ ቤቱ ጎን ያለውን ግድግዳ ችላ አይበሉት። የፈረሰ ጣሪያ፣ የተወገደ ደረጃና የጠፋ በረንዳ አሻራቸውን የሚተዉት እዚያ ነው። የቤት ውስጥ ፎቶ ከሆነም እንዲሁ ይጠንቀቁ፤ በአሌግዛንድርያ፣ ቨርጂንያ ያለው የጋድስቢ ታቨርን የጭፈራ አዳራሽ የጥንት የእንጨት ጌጥ በ1917 ለኒው ዮርኩ የሜትሮፖሊታን ሙዚየም ተሽጧል፤ ከዚያ በፊትና በኋላ የተነሡ የአዳራሹ ፎቶዎች አንድ ክፍል ቢያሳዩም አንድ እንጨት አያሳዩም።

ስምንተኛ፦ በጡብ መለካት

የጠፋን ነገር ቁመት ከፎቶ ለማወቅ ቀላሉ መለኪያ ጡቡ ራሱ ነው። በቆመው ግድግዳ ላይ አሥር ረድፍ ከነማያያዣው በሜትር ይለኩ፤ 70 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አንዱ ረድፍ 7 ሴንቲ ሜትር ነው። በፎቶው ላይ ከበሩ ደፍ እስከ ጣሪያው ዳር 86 ረድፍ ከቆጠሩ ቁመቱ ወደ 6 ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህ የሚሠራው በዚያው ግድግዳ ላይ ላለ ነገር ብቻ ነው፤ ከግድግዳው ፊት ለፊት ወጣ ብሎ የቆመ በረንዳ ለካሜራው ስለሚቀርብ ከእውነቱ ገዝፎ ይታያል።

ዘጠነኛ፦ መመዝገብና ማስቀመጥ

ያገኙትን ሲጽፉ የታየውን፣ የተጻፈውንና የተገመተውን ለዩ። ለምሳሌ፦ «የአልቡሚን ፎቶ፣ በካቢኔት ካርድ ላይ። ባለ ሁለት ፎቅ የጡብ ቤት፤ ፊቱ የፍሌሚሽ፣ ጎኑ የተራ አደራረብ። በምሥራቅ በኩል ቀጥ ያለ ስፌት ይታያል። ከጀርባው በኳስ እስክሪብቶ የቤቱ ስም ተጽፏል፤ ጽሕፈቱ ከፎቶው ዘመን በኋላ የተጨመረ ነው። ዘመኑ በካርቶኑና በመንገዱ ሽቦ ሲገመት ከ1888 እስከ 1895።» እንዲህ ከተጻፈ ወደፊት የሚመጣው ሰው የቱን ማመን፣ የቱን እንደገና መፈተሽ እንዳለበት ያውቃል።

ዋናውን ፎቶ አሲድ በሌለበት የወረቀት ፖስታ ወይም በጥርት ፖሊስተር ከረጢት ውስጥ ያኑሩት፤ የሚሸተውና የሚለጠጠው የፒቪሲ ፕላስቲክ ይጎዳዋል። ከፖስታው ላይ የሚጻፈው ፎቶው ከመግባቱ በፊት ይጻፍ፤ በፎቶው ጀርባ መጻፍ ግድ ከሆነ በለስላሳ እርሳስ፣ በዳሩ ላይ፣ ሳይጫኑ ይሁን። ቦታው ቀዝቀዝ ያለ፣ ጨለማና እርጥበቱ ከ30 እስከ 50 በመቶ የሆነ ክፍል ይሁን፤ ምድር ቤትና ከጣሪያ ሥር ያለ ክፍል ሙቀትና እርጥበቱ ስለሚለዋወጥ አይሆንም። ግድግዳ ላይ መስቀል ከፈለጉ ቅጂውን ይስቀሉ።

ለሕዝብ ለማውጣት ካሰቡ የቅጂ መብቱን ይመልከቱ። በአሜሪካ ሕግ ከታተመ 95 ዓመት የሞላው ፎቶ በነጻ ሊታተም ይችላል፤ ሳይታተም የቆየና አንሺው ያልታወቀ ፎቶ ግን ከተነሣ እስከ 120 ዓመት ድረስ ሊጠበቅ ይችላል። ከዚህ የተነሣ በአልበም የተገኘ የ1920 ፎቶ፣ በዚያው ዓመት ከታተመ የፖስታ ካርድ ይልቅ መብቱ ገና ያልወጣ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ሲያልቅ የቲፍ ፋይሉን ከነመዝገቡ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ያስቀምጡና አንዱን ቅጂ ቤቱ ለሚገኝበት አውራጃ የታሪክ ማኅበር ይላኩ፤ የቤቱን ጡብ ለማደስ የሚዘጋጅ ግንበኛ የተደፈነው መስኮት የት እንደነበር ሲጠይቅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነው።